አሥራ ሁለት ዓመት ላሳደገ አባት የአራት ሰዓት ትምህርት?

ዋናው ጥያቄ

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከልጄ እናት ጋር ተለያይተን መኖር ከጀመርን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። አንዲት ልጅ አለችን፤ 12 ዓመቷ ነው። በፍቺው አልተጨቃጨቅንም፣ ንብረት የሚባልም የለን። የተጣላነው ልጅቷ ከማን ጋር ትኑር በሚለው ነው። እኔ የማታ ሺፍት ስለምሠራ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ትምጣልህ ተባልኩ፤ እምቢ አልኩ።

ባለፈው ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረብን። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሸምድጄ ነበር የሄድኩት። ዳኛዋ ግን ከስምና ከአድራሻ ያላለፈ ነገር ጠይቀውን፣ ሁለታችሁም በ45 ቀን ውስጥ የወላጆች ትምህርት ወስዳችሁ ማስረጃ አቅርቡ ብለው ወደሚቀጥለው መዝገብ ዞሩ። አራት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት! ማታ ቤት ስገባ ልጄ ወረቀቱን አነበበችልኝ፤ የኔ እንግሊዝኛ ለሥራ እንጂ ለፍርድ ቤት ወረቀት አይበቃም። መለያየት በልጆች ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት የሚል መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው።

እውነቱን ልናገር፣ ተዋረድኩ። የዚህችን ልጅ ዳይፐር የቀየርኩ፣ ሲያተኩሳት ደረቴ ላይ አስተኝቼ ያነጋሁ፣ ሹሩባ መሥራት ከዩቲዩብ የተማርኩላት እኔ ነኝ። እጄን አንስቼባት አላውቅም። አሁን ሰው ሰብስበው ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው ሊሉኝ ነው?

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አልሄድም ያለ ሰው አለ? ቢቀርስ ምን ያመጣል? ኢንተርኔት ላይ በ85 ዶላር የሚሰጥ አይቻለሁ፣ እሱ ይሠራል? በአማርኛስ አለ?

መልሶቹ

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ አምስት ሳምንት አለፈው። መልሱ 33 ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ምን ላይ ደረሰ እያሉ ስለሚጠይቁኝ በየቁጥሩ ልተርከው። የሰውን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የግማሹ ጉዳይ ገና ችሎት ላይ ነው፣ አንዳንዱም በንዴት የጻፈውን በማግስቱ አጥፍቶታል። የኔን ፍርድ ግን እየጨመርኩ ነው የምሄደው።

1ኛዋ ስፕሪንግፊልድ የምትኖር እናት ናት። እግዜር ያጽናህ ብላ ጀመረች፣ ለቅሶ የደረሰች ነው የመሰለችው። ቀጥላ እሷም ከሦስት ዓመት በፊት እንደታዘዘች፣ ስትገባ እንደኔው ተናዳ እንደነበር፣ ስትወጣ ግን ቢያንስ ቁርስ በልቼ ወጣሁ ማለቷን ነገረችን። ቅጣት እንዳልሆነ፣ በልጅ የተከራከረ ሁሉ የሚታዘዘው እንደሆነ አስረዳችኝ። ጨዋ መልስ ነበር፤ ያኔ ግን ልቤ አልገባም።

2ኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው፣ አትጃጃል አለኝ። ደስ አለኝ፤ መስማት የፈለግኩትን የነገረኝ እሱ ነበርና።

3ኛው ደግሞ አራት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ነው፣ በሁለት ቀን ይከፈላል፣ ዳኛዋ ተሳስተዋል አለ። በዚህ ጊዜ 4ኛው ገባ። ይህ ሰው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እየዞረ በማስተርጎም የሚተዳደር ነው፤ ክሩን፣ ይህን የመልስ ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ ያዳነው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ስድስት ሰዓት የሚባለው ከወንዙ ማዶ በሜሪላንድ ነው፣ እዚያም ዳኛው ሊያዝ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ቨርጂኒያ የራሷ ሕግ አላት ብሎ አረመው። ከዚያ ሕጉን ዘረዘረ። ልጅ የማሳደግ፣ የመጠየቅ ወይም የቀለብ ጉዳይ ክርክር ከተነሳበት ሁለቱም ወገኖች ከመቅረባቸው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ መማራቸውን ያሳያሉ፣ ካልሆነ ከቀረቡ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ይማራሉ። ትምህርቱ ከአራት ሰዓት አያንስም። የሚነሱት ነገሮች አራት ናቸው፦ መለያየት በልጅ ላይ የሚያደርሰው፣ የወላጅ ኃላፊነት፣ ጠብ የሚፈታባቸው መንገዶች እና የገንዘብ ግዴታ። ክፍያው እንደ ሰው አቅም ነው፣ ጣሪያው ግን 50 ዶላር ነው። እንግዲህ ያ 85 ዶላር የሚለው ገጽ የኔን ፍርድ ቤት አያውቀውም ማለት ነው። መጀመሪያ ክለርክ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ) ጋ ደውለህ ፍርድ ቤቱ የተቀበላቸውን አስተማሪዎች ዝርዝር ጠይቅ፣ አስተርጓሚ እንደምትፈልግም ያኔውኑ ተናገር ብሎ ጨረሰ። ባለመሄድ ስለሚመጣው ሲያነሳ ቃሉን መጠነው፤ ዳኛ ያዘዘውን አልፈጽምም ብለህ ልጄን ስጡኝ ልትል ነው ወይ ብቻ አለኝ።

5ኛዋ የ4ኛውን ምክር በራሷ ኪሳራ አጸናችው። 25 ዶላር ከፍላ ሌሊት ሶፋ ላይ ተኝታ ስልኳን እየጫነች ጨርሳው ነበር፤ ሰርተፍኬቱን ይዛ ስትሄድ ለፍሎሪዳ የተዘጋጀ ነው ተብሎ ተመለሰባት። ይህን ያየ የታምፓ ሰው (6ኛው) ፍሎሪዳን ያሰደብሽብን ይመስል ቱግ አለ። እኛ ጋ እኮ ተከራከርክ አልተከራከርክ፣ ተስማምተህም ብትፋታ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለህ አራት ሰዓቱን ትማራለህ፤ ከሳሹ ካመለከተ በ45 ቀን፣ ተከሳሹ መጥሪያ ከደረሰው በ45 ቀን ነው አለ። 7ኛዋ ከዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነገሩ የዳኛው ፈቃድ እንደሆነ፣ ካዘዙ ግን ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሄድ እንደሚችል ነገረችን። የአሥራ ሁለቱን ሳነብ የኔን አራት ሰዓት መውደድ ጀመርኩ።

8ኛው መልስ ከአንድ አባት ነው፤ አጻጻፋቸው ዕድሜያቸውን ይናገራል፣ አራት ነጥብ አይረሱም። ጋሼ እያልን ነው ሁላችንም የመለስንላቸው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ያልቅ ነበር፣ ዛሬ ግን ገመናን ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ ሆነ ሲሉ እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። ቀጥለው የጻፉት ነው ያልጠበቅኩት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሦስት ባለትዳሮችን ለማስታረቅ ተቀምጠዋል። አንዱን አስታርቀዋል፣ ሁለቱ ተለያይተዋል። በሦስቱም ቤት ልጆች ነበሩ፣ ቡና ሲፈላ ጓዳ ውስጥ ሆነው ይሰማሉ። እሳቸው አንድም ቀን ልጆቹ የት ናቸው ብለው እንዳልጠየቁ ጻፉ። ይቅርታም አልጠየቁ፣ ምክርም አልሰጡ። እንዲያው ጻፉትና ደህና ሁኑ አሉ።

9ኛዋን እስከዛሬ አልረሳትም። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም፣ ከየት እንደሆነች አልተናገረችም። ከጽሑፌ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር መዝዛ እሷኑ አነጣጠረች፤ ወረቀቱን ያነበበልህ ማን ነው አለችኝ። የ12 ዓመት ልጅ በራሷ ላይ የሚሟገቱበትን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ለአባቷ እየተረጎመች፣ አባትየው ግን ልጅ አስተዳደግ ማን ያስተምረኛል ብሎ አደባባይ ወጥቶ ያለቅሳል፤ አራት ሰዓት አንሶሃል አለችኝ።

10ኛው ሊያድነኝ ሞከረ። ሁላችንም የምናደርገው ነው፣ ልጆቻችን ካላነበቡልን ማን ያነብልናል፣ የመብራት ቢሉንም የትምህርት ቤቱንም የሐኪሙንም እነሱ ናቸው የሚያነቡት አለ። 11ኛዋ ያቺው 9ኛዋ ናት። የመብራት ቢል ልጅቷን አይከሳትም ብላ አሳጠረችው።

12ኛው እኔ ነኝ። የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን ያዩት አይተውታል፣ መደበቅ አይጠቅምም። ወልደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ወደ ታች የባሰ ነው። በእረፍት ሰዓቴ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሷ አልመለሰችልኝም። የመለሰችልኝ 13ኛዋ ናት፤ 24 ዓመቷ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደገችው። ረጅም ነው የጻፈችው፣ ከሁሉም ይህን ነው በደንብ የምተርከው።

ወላጆቿ ሲለያዩ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊትም አከራዩን፣ መምህሯን፣ የኢንሹራንስ ሰውን በስልክ የምታነጋግረው እሷ ነበረች፤ አዋቂ መስላ እንድትሰማ ድምፅዋን እያወፈረች። ሲለያዩ ሥራዋ በእጥፍ ጨመረ። እናትና አባት መነጋገር ስላቆሙ በአማርኛም አስተርጓሚ ሆነች። እናቷ ለዚያ አባትሽ የጫማ ገንዘብ ይላክ በይው ትላታለች። እሷ ደግሞ አባቷ ጋ ስትሄድ፣ «ለዚያ አባትሽ» የምትለዋ ቃል እንደምታስቆጣው ስለምታውቅ፣ ትምህርት ቤት ለስፖርት ጫማ አምጡ ብለውናል ትለዋለች። አባቷ ገንዘቡን ይሰጣትና እናትሽ ገንዘብ አያያዝ ብታውቅ ኖሮ የሚል ነገር ይጨምራል። እቤት ስትገባ ሰላም ብሎሻል ትላለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። እናትየው ሰውዬው እየተለሳለሰ ነው ብላ ተስፋ ማድረግ ጀመረች፤ አባትየውም እንደዚያው። አንድ ቀን በልጅቷ የልደት በዓል ፊት ለፊት ተገናኙና እርስ በርስ ሲጠያየቁ ሁሉም ፈረሰ። ሁለቱም እሷን ነው ውሸታም ያሏት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በዚያ ነበር አለች። ይህችን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ አልሳቅኩም።

መጨረሻ ላይ ለኔ ጥያቄ ጻፈችልኝ። ልጅህ ያንን ወረቀት ስታነብልህ ሁሉንም ያነበበችልህ ይመስልሃል ወይ ነው ያለችው።

በማግስቱ ወረቀቱን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ አስነበብኩት። ልጄ ሁለት መስመር ዘላለች። አንደኛው፣ ዳኛዋ ካስፈለገ ልጅቷን ራሷን ሊያነጋግሩ እንደሚችሉ የሚለው ነው። ሌላውን ለራሴ ልተወው።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ቆሻሻ ናቸው። አንዱ፣ እዚህ አገር ሴቶች ከአውሮፕላን ሲወርዱ መጀመሪያ የሚማሩት ፖሊስ መጥራት ነው አለ፤ ሁለቱ ተያይዘው ሰደቡት። የክሩ ጠባቂ ሁለቱን ስድብ አነሳና የመጀመሪያውን ተወው፣ እሱም ስድብ መሆኑ ያልታየው መሰለኝ። ያ መልስ እንዲያ ቆሞ እያለ ነው 17ኛዋ የገባችው፤ ድፍረቷን አደነቅኩ። ባሏ እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት የሰጣት የጥበቃ ትእዛዝ አላት። እሷም እሱም ትምህርቱ ታዝዞባቸዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ከሱ ጋር ልቀመጥ ነው ወይ፣ እዚያ የምናገረውስ ነገ ችሎት ላይ ይወጣብኛል ወይ ብላ ጠየቀች።

18ኛው ያው አስተርጓሚው (4ኛው) ነው። አብራችሁ ተቀመጡ የሚል ሕግ የለም፣ ሌላ ቀን ተመዝገቢ፣ ስትመዘገቢም ትእዛዝ እንዳለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በቂ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ነፃ ሊያደርግሽ ስለሚችል ጠበቃሽ ይጠይቅልሽ አላት። የተናገርሽው በኋላ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፤ የማይሸፈነው ወንጀል መፈጸምን ወይም ልጅ መበደልንና መተውን ማመን ብቻ ነው ብሎ አስረዳ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልተከፈለውም።

19ኛዋ ሁለት ነገር ቀላቅላ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው። እኔ ደግሞ ለሳምንታት ነው የተማርኩት፣ አራት ሰዓት ምን አላችሁ አለች። ለካ የሷ ከፍቺ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ልጇ ክንድ ላይ የቀበቶ ምልክት መምህሯ አይታ ሶሻል ሰርቪስ የመጣበት ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 23 ድረስ ማን እንዴት ተቀጥቶ እንዳደገ ነው የተወራው። በርበሬ ታጥኖ ያደገ አለ፣ ተንበርክኮ ድንጋይ ተሸክሞ ያደገ አለ፣ ሳማ በሽንት ቤት በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀው የነበረ አለ። ይህን ሁሉ እየሳቁ ነው የጻፉት። በመሐል አንዱ፣ ተመትተን አድገን ምን ሆንን ሲል፣ ሌላው ይኸው ሆንን እንጂ፣ ሌሊት ተቀምጠን የተመታነውን እየቆጠርን ብሎ መለሰለት። 22ኛው ከስቶክሆልም ነው፤ ስዊድን ልጅ መምታትን እቤትም ቢሆን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ እናንተ አሁን የምትከራከሩበትን እኛ ጋ ሽማግሎቹም ረስተውታል አለ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ በልጅ ለመካሰስ የፈለገ ወላጅ መጀመሪያ ከማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት፣ ክፍያ የለውም ሲል ጨመረ። ትንሽ ጉራ ነገር አለበት፣ መረጃው ግን ደግ ነው።

24ኛዋ ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ፣ የስቶክሆልሙን ተከትላ ጻፈች። እነሱም ጋ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የቤተሰብ ክስ ከመክፈት በፊት እስከ አራት የሚደርስ ስብሰባ ከባለሙያ ጋር አለ። ዘመዷ ሲሄድ በዕብራይስጥ የሚተረጉምለት ሰው ስላጣ ወንድ ልጁን ይዞ ደረሰ፤ ባለሙያዋ ልጁን ውጭ ጭማቂ ሰጥታ አስቀምጣ፣ አስተርጓሚ እስኪገኝ ቀጠሮውን አዛወረችው። ይህን ካነበብኩ በኋላ 9ኛዋን በልቤ ይቅር አልኳት። እስካሁን ግን አልነገርኳትም።

25ኛው አዲስ አበባ ያለ የሕግ ሰው ሲሆን የጋሼን (የ8ኛውን) ነገር አነሳ። በአክብሮት ነው ያረማቸው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ የመወሰን ሥልጣን እንደነበራቸው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን ለፍርድ ቤት ብቻ እንደሰጠ፣ ሽማግሌ ዛሬ የማስታረቅ እንጂ የመወሰን ሥራ እንደሌለው አስረዳ። ዳኛው ባለትዳሮቹ ረጋ ብለው እንዲያስቡ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ወላጆችን ሰብስቦ ማስተማር ግን በዚህ ሕግ ውስጥ የለም። የመማታቱንም ክርክር ነካ አድርጎ አለፈ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅን ከአካል ቅጣት የሚጠብቀው በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ መሆኑን፣ ስለ ቤት ቃሉ ዝም እንዳለ ጻፈ። ጋሼ አመስግነው፣ በኔ ጊዜ የነበረውን ነው ያወራሁት ልጄ፣ አሁን ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ኢንተርኔት ላይ አይቼ አላውቅም።

26ኛዋን እዚህ ላይ የተፋታ ሁሉ ያንብባት። ሁለት ልጆች አሏት፣ ከአባታቸው ጋር በዓላትን በወረቀት ተከፋፍለዋል። ፎርሙ ላይ ታንክስጊቪንግ አለ፣ ክሪስማስ አለ፣ ጁላይ 4 አለ። እሷም እሱም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ጃንዋሪ ሲመጣ ገና 7ኛው ቀን ላይ ዋለ፤ ወረቀቱ ላይ የለም፣ ያ ሳምንት ደግሞ የአባትየው ነበር። ፋሲካም እንደዚሁ፣ ፎርሙ የፈረንጁን ፋሲካ ነው የሚያውቀው፤ የኛ በአብዛኛው ከዚያ ዘግይቶ ይመጣል። አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጾመው የሚጠብቁትን ልጆች ዶሮ ወጡ ሳይበሉ ማክዶናልድ ወሰዳቸው ብላ ጻፈች (ሰውዬው ፕሮቴስታንት ስለሆነ አልፈርድበትም ብላለች፣ ፈርዳበታለች)። ምክሯ ግልጽ ነው፦ ከመፈረማችሁ በፊት ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል ብላችሁ በስማቸው አስጽፉ፤ ፋሲካ በኦርቶዶክስ አቆጣጠር ተብሎ ይጻፍ። ሙስሊም የሆናችሁ ሁለቱንም ኢድ፣ ቀኑ በጨረቃ ስለሚወሰን ማታ ደውሎ የመለዋወጫ ሰዓት አስገቡ። ይህን ያስተማራት ያ የአራት ሰዓቱ ክላስ አይደለም። ክላሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠ ግብፃዊ ነው የነገራት።

27ኛዋ ከሜልቦርን ነች። ዳኛም ፍቺም ሳይኖርባት፣ የአራት ዓመት ልጇ ሱፐርማርኬት ወለል ላይ እየተንከባለለ ስላስቸገራት በራሷ ፈቃድ ትሪፕል ፒ የሚባለውን የልጅ አስተዳደግ ትምህርት ተምራለች። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው፤ እሷ ስትማር መንግሥት ከፍሎበት በኢንተርኔት በነፃ ይሰጥ ነበር። ሳልገደድ ስለሄድኩ ነው መሰለኝ አልተዋረድኩም አለች። ወጋ አድርጋኝ ነው ያለፈችው።

28ኛው እኔ ነኝ፣ ተምሬ ከመጣሁ በኋላ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ነው የሄድኩት። አሥራ አራት ሰው፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ በወረቀት ኩባያ የቀረበ ቡና የሚባል ውሃ። አስተርጓሚዬ በስልክ ነው፤ ድምፅዋ ጥሩ ነው ግን መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ለማለት ጦርነት እያለች አስደነገጠችኝ። የምታስተምረው ሴት ራሷ የተፋታች ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ስለ ማጠብና ስለ ማብላት አንድ ቃል አልተናገረችም። አስተዳደግ ሊያስተምሩኝ ነው ብዬ የተንጨረጨርኩት በከንቱ ነበር፤ ያን እንደምታውቁ አውቃለሁ ብላ ነው የጀመረችው።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ባዶ ወረቀት አደለችን። ልጃችሁ ስለ ክሳችሁ የሚያውቀውን ሁሉ ጻፉ አለች። ከጎኔ ያለው ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ልጄ ምንም አያውቅም ማለቱ ነው። እኔ በአማርኛ ጀመርኩ። የቀጠሮውን ቀን። የዳኛዋን ስም። እናቷ ስንት ቀለብ እንደጠየቀች። የቤት ኪራዬን። እናቷ ያቀረበችው ማመልከቻ ላይ ስለ ሌሊት ሥራዬ የተጻፈውን። ጠበቃ ለመቅጠር ከማን እንደተበደርኩ። ሰባተኛው ላይ ወረቀቱ ሳያልቅ አቆምኩ። ከአንዱ በቀር ሁሉንም ያወቀችው ወረቀት ስታነብልኝ ነው።

የገንዘቡ ክፍል አሰልቺ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። ልጅ ከአንደኛው ወላጅ ጋር በዓመት ከ90 ቀን በላይ ስትሆን ቀለቡ የሚሰላበት መንገድ ይለወጣል። ይህን ሳልደብቅ ክሩ ላይ ጻፍኩት፤ ወዲያው 29ኛው ያዘኝ። አሃ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አይበቃኝም ያልከው ለዚህ ነዋ አለኝ። 30ኛዋ ልትከላከልልኝ ገባች፣ ሰውየው አሁን ነው ያወቀው ብላ። እውነትም አላውቅም ነበር። ግን ካወቅኩ በኋላ ቀኖቹን በጣቴ ቆጥሬያለሁ፣ ይህንንም ልንገራችሁ።

ሰርተፍኬቱን ሰኞ ለክለርኩ አስገባሁ። የልጄ እናት በሌላ ቅዳሜ ወስዳ ቀድማኝ አስገብታለች። ኮፒውን ይዤ ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ወረቀት እጄ ላይ ስታይ እርሳሷን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች፣ ሳታስበው፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ይሄን አንብቤዋለሁ አልኳት። ትንሽ አየችኝና እርሳሷን አነሳች። የዘለለቻቸውን መስመሮች እንደማውቅ አልነገርኳትም። ልንገራት አልንገራት ብዬ ክሩ ላይ ጠይቄ ነበር፤ 31ኛዋ ያቺው የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ናት፣ አትንገራት ብላለች።

32ኛው ፍርድ ቤቱ አጠገብ መኪና የት ይቆማል ብሎ ጠየቀ፤ የሚመልስለት አላገኘም፣ እኔም በአውቶቡስ ስለምሄድ አላውቅም።

33ኛዋ ደግሞ 9ኛዋ ናት። ከ11ኛው በኋላ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። አሁንም ሰላምታ የለም። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ማን ሊያነብልህ ነው አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ፣ እሱ ሲያቅተው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ያለች አንዲት እህት ብዬ መለስኩላት። የጥርስ ሐኪሙንስ አለች። የጥርስ ሐኪሙን እሷው ናት የምታነበው አልኳት። እሱ ይሁን አለችኝ።